ለሆድ ቆዳ ግለ ሂስ አላደርግም

አምስት የወለዱት ጎረቤታችን፣ ዶርዜዋ እትዬ አበበች፣ «የተንጠለጠለ ሆድ በሐኪም ይስተካከላል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ከውጭ መጽሔት ያነበብኩትን አስረዳኋቸው። ወሬው ደርሶት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ አስነሳኝ። «የቡርዧ ቅንጦት ሰብከሃል! ግለ ሂስ አድርግ፤ አለዚያ ትታሰራለህ!»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መንገዱ ሁለት ነው» አልኩ። «ስቡን በቱቦ መምጠጥ ከትራስ ጥጥ እንደ ማውጣት ነው፤ ጨርቁ እንደላላ ይቀራል። ሁለተኛው ትርፉን ቆዳ ቆርጦ፣ በወሊድ የተራራቀውን ጡንቻ አቀራርቦ መስፋት ነው።»

«ተቀመጥ!»

አልተቀመጥኩም። እትዬ አበበች ከሴቶቹ መሀል ብድግ አሉ። «ይጨርስ እንጂ! አንተ ወልደህ ታውቃለህ?» አሉት። ወደ እኔ ዞረው፣ «ጠባሳውስ የት ላይ ይቀራል?» ሲሉኝ ከእምብርቴ በታች፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በጣቴ አሳየኋቸው።

ያሰሩኝ አስረድቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው።