የአናጢው ፈቃድ

አንድ ቀን ጠዋት ዓይኔን ታይቼ ከሆስፒታሉ ደረጃ ስወርድ፣ ሠላሳ ዓመት አጥር የተጋራሁትን ጎረቤቴን አናጢውን አገኘሁት። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ይሰበስባል። ያ ሳንቃ በአንድ ትከሻው ተሸክሞ ይወጣ የነበረ ሰው፣ ኮቱ ሰፍቶት ነበር። አጠገቡ በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ የምትሠራው የእህቱ ልጅ ያልተፈረመ የፈቃድ ወረቀት ይዛ ቆማለች።

«እንኳን መጣህ፤ አንተ ፍረደን» አለኝ። «ሲጋራ ባፌ ሳላዞር ሳንባዬን ካንሰር በላው። አጥንቴም ውስጥ ገብቷል። ይህ አልበቃ ብሎ የእኔዋ ጉድ መሞከሪያ ልታደርገኝ ነው።»

ልጅቷ በትሕትና መለሰች። «ጋሼ፣ የሳንባ ካንሰር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የእርስዎ ናሙና ሲመረመር፣ ጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የሚታይ የዘረ መል ለውጥ ተገኘበት። አሁን የሚጠናው አዲስ ክኒን የተሠራው ለዚያ ለውጥ ነው። እርስዎስ እንጨቱን ሳያዩ ሚስማር ይመርጣሉ?»

«አልመርጥም። የማላውቀውን ሚስማርም የሰው በር ላይ አልመታም።»

እኔ ፈገግ አልኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

«እውነትዎን ነው፣ ገና እየተጠና ነው። ከእርስዎ በፊት የወሰዱት ጥቂት ናቸው፤ ገሚሱን ረድቷል፣ ገሚሱን አልረዳም። ተቅማጥና ሽፍታ ሊያመጣ ይችላል። ያድናል ብዬ አልዋሽዎትም። ካልተስማማዎት ግን በፈለጉት ቀን መተው ይችላሉ፤ የተለመደው ሕክምናም አይከለከልዎትም።»

«ካላዳነኝ ምን ሊያደርግልኝ?»

እዚህ ላይ ጣልቃ ልገባ አሰብኩ። የእኛ ትውልድ ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም› እያለ ይተርታል፤ መመርመርን ግን እንደ ሟርት ይፈራል። አናጢው ቀደመኝ።

«እናትሽም በዚሁ በሽታ ነው የሄደችው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የእሷ ዓይነቱ ምን ነበር?»

«አይታወቅም፣ ጋሼ። ያን ጊዜ ዓይነቱን የመረመረ የለም። ለሁሉም የሚሰጠውን ሰጧት፤ ፀጉሯ ረገፈ፣ በአራተኛው ወር ሞተች። ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዘውን ሕመም፣ ከጥቂቶቹ አንዱ እሺ ካላለ ማን ያውቀዋል?»

አናጢው ወረቀቱን ከእጇ ወሰደ። ከዚያ «ደግፊኝ» አላት። «ሐኪሙ ራሱ ያስረዳኝና እፈርማለሁ።»

በስድስተኛው ሳምንት ሳሉ ቀነሰ። በሦስተኛው ወር ዕጢው በግማሽ አነሰ፤ እኔም ከአጥር ማዶ የመላጊያውን ድምፅ እንደገና ሰማሁ። አሥራ አንድ ወር ያለ ደጋፊ ሄደ፣ በላ፣ ቀለደ። ከዚያ በሽታው ከክኒኑ የሚያመልጥበት መላ አገኘ፤ ክኒኑም አቃተው።

አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ልጠይቀው ስገባ፣ ለእህቱ ልጅ እንዲህ ሲላት ደረስኩ፦ «ሌላ ናሙና ውሰዱ። ለእኔ አይደለም፤ እንዴት እንዳመለጣችሁ እወቁበት።» ወሰዱ። በሦስተኛው ሳምንት ቀበርነው።

እንግዲህ ይህን በሽታ ዕድል ነው ብሎ የተቀመጠ ሁሉ፣ አስቀድሞ ዓይነቱን ያስመርምር፤ ጥናት አለ ሲባልም ጉዳቱንና ጥቅሙን ጠይቆ ይወስን። አንድ ዓመት የማይሞላ ዕድሜ ትንሽ ይመስላል፤ ለሚተነፍሰው ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

በቀደም ልጅቷ እንደነገረችኝ፣ ያው ለውጥ የተገኘባት አንዲት ልብስ ሰፊ ክኒኑን ጀምራለች። «ምን ያህል ይረዳኛል?» ብላ ስትጠይቅ፣ ሐኪሟ የሚነግራት የአሥራ አራት ሰዎች ውጤት ነበረው። ከአሥራ አራቱ አንዱ ጎረቤቴ ነው።