የእናቴ ክስ

እኔ የወታደር ባል ነኝ። ሳቁ፤ ላሊበላም ስቆብኛል። ሚስቴ አሜሪካ ወታደር ናት፣ እኔ እዚህ አስጎብኚ። ወደ እሷ እንድሄድ ስታመለክትልኝ፣ ትዳራችሁ እውነተኛ መሆኑን ቤተሰብ በደብዳቤ ይመስክር ተባልን። እናቴ ወደምታርስበት ገጠር፣ ገነተ ማርያም ሄጄ «ትዳራቸው መልካም ነው ብለሽ ፈርሚልኝ» አልኳት። «አንተ ጻፍ፣ እኔ ልናገር» አለችና ጀመረች። «ይቺ ልጅ ልጄን ወስዳብኛለች። እህል ሊያግዘኝ መጥቶ እንኳ፣ በደወለች ቁጥር አውድማውን ጥሎ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ይወጣል። በሬዎቹ የሰው ገብስ ገብተው በሽማግሌ ነው የታረቅነው።»

«እማ፣ ይኼ እኮ ክስ ነው» ብላት «ውሸት ላይ ጣቴን አላሳርፍም» ብላ አሻራዋን አተመችበት። ሌላ ምስክር ስላልነበረኝ እሱኑ አስተርጉሜ ይዤ ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ሄድኩ።

ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ሠራተኛ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። በመጨረሻ ሳቀች። «በይስሙላ ትዳር እንዲህ የሚማረር አማት የለም» አለችና ፈቀደችልኝ።

እንደወጣሁ ለእናቴ ደወልኩ። «ክስሽን ሰሙልሽ።»

«እሰይ። ታዲያ ምን ፈረዱ?»

«ወደ እሷ እንድሄድ።»

«ገብሱን ሳታጭድ ንቅንቅ የለም» አለችኝ።