በዓሣ ሣጥን ስለተጫኑት የጆርጅ ስሌተር ደብተሮች

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ኢዞቤል ፊንድሌተር
ዕድሜ፦ 71
ሥራ፦ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ በከተማው ቤተ መዛግብት የበጎ ፈቃድ አገልጋይ
አድራሻ፦ የወደብ ሰፈር፣ ፖርትሎጊ፣ ሞሬይ፣ ስኮትላንድ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ፣ ኖቬምበር 23 ቀን 2023
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል ኢዋን ኩል

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው ምስክር፣ ጠፍቶ ስለተገኘው የደብተር ሣጥን ተጠይቄ ቃሌን በፈቃዴ ሰጥቻለሁ። ከመጀመሬ በፊት ሣጥኑ የት እንዳለ ጠይቄ፣ ከፖሊስ ጣቢያው በስተኋላ ባለው የማስረጃ ክፍል እንደተቀመጠ ተነግሮኛል። ክፍሉ ማሞቂያ አለው ወይ ብዬ ጠይቄ፣ አለው ተብያለሁ። ስለዚህ ምስክርነቱ ባጭሩ እንዲያልቅ አመልክቻለሁ። ኮንስታብሉ ሣጥኑ ማስረጃ በመሆኑ ቃሌ ተጽፎ ሳያልቅና ሳጅኑ መጥተው ሳያዩት ከቦታው እንደማይነሣ ገልጾልኛል።

ደብተሮቹ የሟቹ የአቶ ጆርጅ ስሌተር ናቸው። አቶ ጆርጅ የዓሣ ጀልባ አለቃ ነበሩ። በጉሮሮ ነቀርሳ ምክንያት በቀዶ ሕክምና ድምፃቸውን ካጡ በኋላ፣ እስኪሞቱ ድረስ ለባለቤታቸው ሊናገሩ የፈለጉትን ሁሉ በትንንሽ ደብተሮች በሰማያዊ ቀለም ይጽፉላቸው ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ጄሲ ያነቡና በአፋቸው ይመልሳሉ። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያለው የባልየው ግማሽ ብቻ ነው። ኮንስታብሉ "ቲቸር፣ ምስጢር ነገር አለበት እንዴ?" ብሎ ጠይቆኝ፣ የለበትም ብያለሁ። ያለው "በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ" የመሰለ የቤት ወሬ ነው።

እትዬ ጄሲ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ሲሆን ዓይናቸው ደክሟል። ደብተሮቹን ለቤተ መዛግብቱ በአደራ የሰጡት ባለፈው ዓመት ነው። ከመሳቢያዎ ይልቅ እዚያ በደህና ይቀመጣል ብዬ የመከርኳቸውም እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ዘወትር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ባርኔጣቸውን አድርገው ይመጣሉ፣ እኔ አነባለሁ። "ሾርባው ዛሬ ጨው በዝቶበታል" ብዬ ሳነብ፣ እትዬ ጄሲ "ታዲያ ተነሥተህ ራስህ አትሠራም?" ይላሉ። ያን ጊዜ ያሉትን ነው የሚደግሙት። እኔ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ የባልየውን መልስ አነባለሁ።

ባለፈው እሑድ በማዕበሉ ባሕሩ ወደ ከተማ ገብቶ የቤተ መዛግብቱን ምድር ቤት አጥለቀለቀ። ሰኞ ጠዋት እኔና የመዝገቡ ኃላፊ ወ/ት ካትሪዮና ማክፔይል ወርደን ስናይ፣ የታችኛው መደርደሪያ ረጥቧል። የአቶ ጆርጅ ደብተሮች ጠርዛቸው ብቻ ነበር የራሰው፣ ጽሑፉ ደህና ነበር። የረጠበ ወረቀት ሙቀት ካገኘ ይሻግታል፣ ቀለሙም ይፈሳል። በረዶ ሆኖ ከጠጠረ ግን የሚደርቅበት ቀን እስኪደርስ እንዳለ ይቆያል። ቤተ መዛግብቱ ማቀዝቀዣ ስለሌለው፣ ወደብ ላይ ያለው የዓሣ ነጋዴ የበረዶ መጋዘን አንድ ጥግ በነጻ ሰጠን። ደብተሮቹን በፕላስቲክ ጠቅልለን በዓሣ ሣጥን ደረደርናቸው። አቶ ጆርጅ በመጨረሻው ክረምታቸው የጻፉት ደብተር ከላይ ነበር።

በሣጥኑ ላይ ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ወይ ስሌተር ነው ወይ ኩል ነው ወይ ፊንድሌተር ነው። በዚህም የተነሣ የእያንዳንዱ ቤት ቅጽል በባንክ ደብተርም በመቃብር ድንጋይም ላይ ከስሙ ጋር ይጻፋል። አቶ ጆርጅ አንገታቸውን አስቀድመው ስለሚራመዱ ቅጽላቸው "ዝዩ" ነበር። እትዬ ጄሲ ይህን ስም እንደ ስድብ ነው የሚቆጥሩት። "ባሌ ወፍ አይደለም" ይላሉ። እሳቸውን ላለማስቀየም ብዬ ቅጽሉን ትቼ "ስሌተር" ብቻ ብዬ በትልልቁ ጻፍኩ። የመጋዘኑ ባለቤትም ዊልያም ስሌተር ነው። ረቡዕ ጠዋት ጫኞቹ የባለቤቱ ስም ያለበትን ሣጥን ሁሉ ከዓሣው ጋር መኪና ላይ ጫኑት። ሌባ የለም። ያለችው አንዲት ይሉኝታ የያዛት ሴት ናት፣ እሷም እኔ ነኝ።

የእትዬ ጄሲ የእህት ልጅ አቶ አሌክ፣ ካትሪዮና ደብተሮቹን ሸጣቸዋለች ሲል ለፖሊስ አመልክቷል። በበጋ አንድ አሮጌ ወረቀት ሰብሳቢ መጥቶ መጠየቁ እውነት ነው። ካትሪዮና አይሸጥም ብላ በሩን እንዳሳየችውም እውነት ነው፣ አጠገቧ ነበርኩ። በጎርፉ ዕለት አቶ አሌክን ባልዲ ይዞ አላየሁትም። ልጅቷ አሁን ኮሪደር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ ታለቅሳለች። ኮንስታብሉ "ቲቸር፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ እኛም ሥራችን ነው" አለኝ። እኔም "አንተ የጠረጠርከው ልጅቷን ነው። መጠርጠር የነበረብህ ማሞቂያውን ነው" ብዬ መልሻለሁ።

ትናንት ማታ የዓሣ መኪናው ሹፌር ፐርዝ ከተማ ላይ በስልክ ተገኝቶ ሣጥኑን ለፖሊስ አስረክቧል። ሣጥኑ ዛሬ እዚህ የደረሰው በፖሊስ መኪና ኋላ ተጭኖ እንጂ በማቀዝቀዣ መኪና አይደለም። ኮንስታብል ኢዋን ኩልን በስድስት ዓመቱ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ስሆን፣ ያኔም እያንዳንዷን ፊደል እየሳለ ነበር የሚጽፈው። "ኢዋን፣ ድሮ ቀስ ብለህ ጻፍ ያልኩህን ሰርዤዋለሁ፣ ፍጠን" ብዬዋለሁ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ያሉኝም እርስዎ ነዎት" አለኝ። ይህም እንዲጻፍ ጠይቄያለሁ።

በዚህ ጊዜ የኮንስታብሉ አውራ ጣት ሰማያዊ ሆኖ አየሁ። "ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት። "የብዕር ቀለም ነዋ" አለ። የሚጽፍበት ብዕር ግን ጥቁር ነው። እሱም ብዕሩን አየ፣ ጣቱንም አየ። የማስረጃ ቁጥሩን ሣጥኑ ላይ ሲያስር የነካው መሆኑን አስታወሰ።

(ምስክርነቱ እዚህ ላይ ለጥቂት ጊዜ ተቋርጦ ቀጥሏል። ኢ.ኩ.)

ምስክርነቱ በተቋረጠበት ጊዜ የሆነው እንደሚከተለው ነው። ኮንስታብሉ የማስረጃ ክፍሉን ሲከፍት ሣጥኑ ከማሞቂያው አጠገብ ነበር። ወለሉ ላይ ውሃ ነበር፣ ውሃውም ሰማያዊ ነበር። ሳጅኑን ሳንጠብቅ እኔ በአንድ ወገን፣ ካትሪዮና በሌላ ወገን ይዘን፣ ኮንስታብሉ በር እየከፈተልን ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የተጠበሰ ዓሣና ድንች ቤት ወሰድነው። የቤቱ ባለቤት ሣጥኑንም ፊታችንንም አይታ አንድ ነገር ሳትጠይቅ የድንች ከረጢቶቿን ከፍሪዘር አውጥታ መሬት ላይ ደረደረች። የታችኞቹ ደብተሮች ገና እንደ ድንጋይ የጠጠሩ ናቸው፣ ተርፈዋል። ከላይ የነበረው ግን እጄ ላይ ለሰለሰ። ገጹ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም ሆኗል። ካትሪዮና "ቲቸር፣ አይግለጡት፣ ባለሙያ ይየው፣ ምናልባት..." አለችና ምናልባቱን አልጨረሰችውም። ፍሪዘሩ ተዘግቶ ቁልፉ በኮንስታብሉ እጅ ነው።

ወደ ጣቢያው ተመልሰን ስንቀመጥ ኮንስታብሉ "ሌላ የሚጨምሩት አለ?" ብሎ ጠይቆኛል። አለ። ዛሬ ሐሙስ ነው። እትዬ ጄሲ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥተው ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ደብተሩ መጥፋቱንም መገኘቱንም የነገራቸው ሰው የለም፣ አቶ አሌክም ፈርቶ አልነገራቸውም። መንገር ያለብኝ እኔ ነኝ። ፈርቻለሁ፣ መፍራቴም ይመዝገብልኝ። ቀለሙ የፈሰሰውን ደብተር ከዚህ በፊት አንብቤላቸዋለሁ፣ የመጨረሻውን ገጽ ደግሞ ደግመሽ አንብቢልኝ እያሉኝ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሳልረሳው አሁኑኑ እዚህ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ።

ኮንስታብሉ "ቲቸር፣ ይሄ ለጉዳዩ አግባብነት የለውም" አለኝ። "የፖሊስ ወረቀት አይጣልም ትላላችሁ አይደል? ጻፍ" አልኩት። ወንበሩን አስጠግቶ አዲስ ወረቀት አወጣ። በመካከል በመካከሉ የእትዬ ጄሲ መልስ ስላለ፣ የእሱን ቦታ ክፍት እንዲተው ነግሬው የሚከተለውን አስጽፌያለሁ።

መጋረጃውን ተይው፣ ጀልባዎቹ ሲገቡ ልይ።

…………………………

ሻዩ ቀዝቅዟል አልኩ እንጂ መጥፎ ነው አላልኩም።

…………………………

ዶክተሩ ያለውን አንቺም ሰምተሻል፣ እኔም ሰምቻለሁ። ለምን እንደጋግመዋለን?

…………………………

አልፈራሁም።

…………………………

እሺ፣ ትንሽ።

…………………………

እጅሽ በረዶ ሆኗል። ቢሆንም አታንሺው።

…………………………

ይህ ቃል ተነቦልኛል፣ የተናገርኩትም ይኸው ነው። ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ስሙና ስለ ካትሪዮና ያልኩት ሁሉ እውነት ለመሆኑ በየትም ቦታ እቆምበታለሁ። በመጨረሻ ያስጻፍኩት የአቶ ጆርጅ ቃል ትክክል ለመሆኑ ግን ማረጋገጥ የሚችሉት እትዬ ጄሲ ብቻ ናቸው።

የምስክር ፊርማ፦ ኢዞቤል ፊንድሌተር

የተቀባዩ ማስታወሻ፦ ወ/ት ካትሪዮና ማክፔይል የሚጠየቁበት ነገር ባለመኖሩ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ምስክሯ የቃላቸውን ቅጂ ጠይቀው ተሰጥቷቸዋል። በደንቡ መሠረት በምስክር ቃል ላይ ባዶ የቀረ መስመር ሁሉ ከፊርማ በፊት በሰረዝ መዘጋት አለበት። ከላይ ያሉት መስመሮች ገና የሚሞላቸው ሰው ስላለ አልዘጋኋቸውም።

ኮንስታብል ኢዋን ኩል