የእትዬ ክዳን ዜና ሕይወት

ክዳን ማለት የዕቃን አፍ የሚዘጋ፣ በውስጡ ያለውን ከውጭው የሚጠብቅ፣ በዕቃው ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ክዳን ሊባል የሚገባው ነገር ነው። ከዕቃው ከተነሣ ትሪ ሊሆን ይችላል፣ መቀመጫም ሊሆን ይችላል፣ ለልጅ መጫወቻም ይሆናል፤ ክዳን ግን አይደለም። ዛሬ የምንሸኛቸው እኅታችን፣ በሙያቸው የሕፃናት ሐኪም፣ በሰፈሩ ስማቸው እትዬ ክዳን፣ ይህንን ቃል ከማንም በላይ ደጋግመው ስለ ተናገሩት ዜና ሕይወታቸውን ከእርሱ መጀመር ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

እኅታችን ከግድግዳ ቀለም ቀቢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው የተወለዱት በዚሁ ሰፈር፣ በዚሁ ቤት ነው። የቧንቧ ውሃ ያን ጊዜም እንደ አሁኑ ሲያሻው የሚመጣ፣ ሳይሰናበት የሚሄድ እንግዳ ስለ ነበር በየደጁ በርሜል ይቆማል፤ በርሜሉን መሙላትም የበኩር ልጅ ሥራ ነበር። ትምህርታቸውን ጨርሰው ሕክምና ሲገቡ አባታቸው ደስታቸውን የገለጹት የቤቱን በር አዲስ ቀለም በመቀባት ሲሆን፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት የመጣው ጎረቤት ሁሉ እጁን አረንጓዴ አድርጎ መመለሱ እስከ ዛሬ ይነገራል።

በሕፃናት ሕክምና ሠልጥነው በሆስፒታሉ ሲመደቡ ክፍሉን ሞልቶ የጠበቃቸው የደንጊ ትኩሳት ነበር። የዚህ በሽታ ጠባይ ሰውን ያሳስታል። የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነድፈው በቀን ስለ ሆነ፣ ሌሊቱን አጎበር ውስጥ ያደረውን ልጅ ደጅ ሲጫወት ታገኘዋለች። የምትራባውም በቆሻሻ ኩሬ ሳይሆን ሰው ለራሱ ባጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ነው። አንድ ጊዜ ይዞት የዳነ ልጅ ሁለተኛ ሲይዘው ሊብስበት ይችላል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ልጁ ለሞት የሚቀርበው ትኩሳቱ ሲነድ ሳይሆን ሲበርድ መሆኑ ነው፤ ወላጅ ተመስገን ብሎ ልጁን አዝሎ ወደ ቤቱ በሚሄድባት በዚያች ቀን የደሙ ውሃ ከደም ሥሩ እየሾለከ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል። እኅታችን ትኩሳቱ የበረደለትን ልጅ ከአልጋ አላስነሣም ስለሚሉ፣ የዳነ ልጅ የሚያስሩ ሐኪም ተብለው ይታሙ ነበር፤ ሐሜቱንም እንደ ደመወዛቸው በየወሩ ይቀበሉ ነበር።

ባለቤታቸው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ሐኪሟ ከሥራ እስኪወጡ ድረስ ሞተሩ ይቀዝቅዝ እያሉ አውቶቡሱን ከሆስፒታሉ ፌርማታ ያቆሙ ስለ ነበር፣ የጋብቻውን ወሬ ከቤተ ሰብ ቀድመው የሰሙት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ሲጋቡም ባል የመንገዱን አደጋ፣ ሚስት የክፍላቸውን ሕሙማን ወሬ ይዘው ወደ ቤት ላይገቡ ውል ገቡ። ያማረ ውል ነበር፤ አንድም ቀን አላፈረሱትም።

ወንድ ልጅ ወለዱ፣ ከዚያም ሴት። ወንዱ ልጅ ገና የወተት ጥርሱን ሳይነቅል የአባቱን ሥራ ጀመረ፤ መሪው የበርሜሉ ክዳን ነበር። ክዳኑን በሁለት እጁ ይዞ ቀኑን ሙሉ በደጁ እየዞረ፣ የጎረቤቱን ሰው ወደ ኋላ ጠጋ በሉ እያለ ሲያሳፍር፣ ክዳኑን ሊቀማው የሚጨክን ሰው በቤቱ አልተገኘም፤ እናቱም ቢሆኑ።

በአንድ የዝናብ ወራት የሕፃናቱ ክፍል ሞልቶ ሁለት ሁለት ልጅ በአንድ አልጋ ሲተኛ፣ እኅታችን እዚያው ማደር ጀመሩ። ልጃቸው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ትኩሳቱ ይዞት በቀላሉ ያለፈለት ስለ ነበር፣ እንደ ገና ሲያተኩሰው አባቱ ይህም እንደ ፊተኛው ያልፋል ብለው፣ የደከሙትን እናት ላለማስጨነቅ ዝም አሉ። የደወሉት ሲሻለው ነው። «አሞት ነበር፤ አሁን ትኩሳቱ በርዷል፣ ዳቦም ጠይቆኛል። አትቸኩዪ፣ የሰው ልጆቹን ጨርሺ» አሏቸው።

እኅታችን ስልኩን ሳይዘጉ ወጡ። ቤት ሲደርሱ ልጁ ክዳኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ እጁ ግን ቀዝቅዟል። ወደ ክፍላቸው ወሰዱት፤ ባዶ አልጋ ስላልነበረም ከአንድ የጎረቤት ልጅ አጠገብ አስተኙት። ግሉኮስ ተተከለለት፣ ደምም ተሰጠው፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበርና በማግስቱ አረፈ። ያኛው ልጅ ዳነ።

ባለቤታቸው ከቀብር መልስ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቋቸው።

«ለሰው እናት ሁሉ ስትነግሪ፣ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ውላችን ነዋ» አሉ እኅታችን።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ በሁለቱ መካከል አልተነሣም። ውጭ ግን ለሚሰማም ለማይሰማም፣ በርሜል ክደኑ፣ ትኩሳት ሲበርድ ልጁን አምጡ እያሉ መናገር ያዙ፤ እትዬ ክዳን የሚለውም ስም ያን ጊዜ ወጣላቸው። ከሥራ ሲመለሱ ከመንገዱ ጫፍ የሚጫወቱ ልጆች የመምጣታቸውን ወሬ ወደ ሰፈሩ ሲያስተላልፉ፣ ክዳኑ ከደጅ እስከ ደጅ በየበርሜሉ ላይ ሲወድቅ እንደ ጭብጨባ ይሰማ ነበር። ካለፉ በኋላ ተመልሶ ይነሣል። ይህንን አያውቁም ነበር የሚል ካለ እኅታችንን አላወቃቸውም። ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን ትንኟም እንደ እኛ ፈርታዎት ሸሽታለች ብሎ ቢቀልድባቸው፣ ትንኟስ ከእናንተ ትሻላለች፣ ከፊቴ አትደበቅም ብለው መለሱለት። ሰውየው የራሱን ልጅ ከቀበረ ወዲህ ቀልዱን ትቷል፤ ክዳኑን ግን ለመስታወቱ ማስደገፊያ ይፈልገዋል። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ በእኛ ሰፈር መከራም በየዝናቡ ወራት እየመጣ መክሮ መክሮ፣ ደክሞት ይመለሳል።

ባለቤታቸው በሞት ከቀደሟቸው በኋላ እኅታችን ጡረታ ወጥተው፣ ለብዙ ጊዜ አብሯቸው በኖረው የደም ግፊት ምክንያት አልጋ ላይ ዋሉ። በሕመማቸው ትንኝ እጇ እንደሌለበት ሐኪሞቹ አረጋግጠዋል። በመጨረሻዋ ቀን ሴት ልጃቸው ግንባራቸውን ዳብሳ፣ እማዬ፣ ትኩሳት እኮ የለብሽም ስትላቸው፣ ለረጅም ጊዜ አዩአትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እኅታችን አንዲት ሴት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ ይህንን የሚያነብላችሁን ታናሽ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም ከእጃቸው ድነው የወጡና አድገው ልጆች የወለዱ ብዙ ሰዎችን ትተው አልፈዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ልጃቸው ካለበት ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም የሰማነውን የሚይዝ ልቡና ይስጠን።

በደጁ ለለቀስተኛው ውሃ የሚቀዳበትን በርሜል ከቤቱ አምጥቶ ያዋሰን፣ ያን ጊዜ ከልጃቸው ጋር በአንድ አልጋ ተኝቶ የዳነው ጎረቤታችን ነው፤ ስለ ደግነቱ ቤተ ሰቡ ያመሰግናል። በርሜሉ ክዳን የለውም።