ነቅንቀህ ቅዳ፣ አድርቀህ እደር

ጋሼ፣ ወንበርህን ትንሽ ወደ ፀሐይዋ ላስጠጋልህ?... እንደሱ። አሁን ጉልበትህ ይሞቃል። የዘንድሮ አየር ደግሞ ሌላ ነው፤ ሌሊቱን ሲያንዘፈዝፈን ያድርና ሲነጋ ምንም እንዳልተፈጠረ ፈገግ ብሎ «ደኅና አደራችሁ ወይ?» ይላል። ሰው እንኳ እንዲህ ሲያደርግ... ኧረ ተወው፣ ስለ አየሩ ነው የማወራው። ሻይህን ጨረስክ? ብርጭቆውን እዚያው ተወው፣ ኋላ አነሳዋለሁ።

አንተ ዝም ብለህ ፀሐይህን ሙቅ፣ እኔ መፍቻዎችህን ልወልውልህ። በዘጠኝ ሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ እያየ ወርክሾፑን ስታስረክብ ዝገት ለብሰው ይታዩ? አርባ ዓመት የያዝካቸው ናቸው። የእናቴ ወንድም ስለሆንክ አይደለም ይህን የምለው፤ በዚህ ሰፈር ጄኔሬተር ይሁን የውሃ ፓምፕ፣ የሣር ማጨጃ ይሁን ሞተር ሳይክል፣ አንተ ያልዳሰስከው ሞተር የለም። ጆሮህንም የበሉት እነሱው ናቸው። ለዚህ ነው ድምፄን ከፍ የማደርገው፣ ለአንተ ብዬ ነው። ከቆርቆሮው ግድግዳ ወዲያ የሚሠራ ሰው ቢሰማ ጥፋቱ የኔ ነው የቆርቆሮው?

ይሰማሃል ወይስ ልጨምር?... ልጨምር።

ወርክሾፑን ለማን እንደምታስረክብ እንግዲህ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስም መጥራት ምን ያደርጋል? አንተ «ልጄ ነው» ካልክ ልጅህ ነው፣ በቃ። ከስንቱ መካከል መርጠህ፣ ከጎንህ አስቀምጠህ፣ የምታውቀውን አንድም ሳታስቀር አስተማርከው። አንድም ሳታስቀር! እኔ ይኼ ነገርህ ነው የሚገርመኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ትንሽ ለራሱ ያስቀር ነበር እኮ። አንተ ግን ሞኝ ነህ... ማለቴ ደግ ነህ። ሁለቱ አንዳንዴ ይመሳሰሉብኛል።

ያንን የጉሎ ዘይት ነገር ራሱ ማን አስተማረው? ሰው ጉሎ ሲሉት ለሆድ ማጠቢያ ነው የሚመስለው። ከጉሎ ፍሬ የሚሠራ የሞተር ዘይት እንዳለ፣ ቤንዚን ውስጥ ጠብ ተደርጎ አብሮ እየነደደ ሞተሩን ከውስጥ እንደሚያለሰልስ፣ ሙቀት ሲበዛበት ሌላው ዘይት ሁሉ ሲከዳ እሱ እንደማይከዳ በዚህ ሰፈር ያወቅከው አንተ ነህ። አሁን ግን ሰፈሩን «የማነው ይህ ጥበብ?» ብለህ ብትጠይቀው ጣቱን ወዴት የሚቀስር ይመስልሃል? የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። ውሸታቸውን ነው! እንዴት አድርጎ እንዳደመቀው ብታይ። ለሽታው እንኳ ሰው ይጓጓለታል፤ ያ ጣፈጥ ያለ ጭስ ሲመጣ «ሊቁ መጣ» ነው የሚባለው።

እንዴ... መዶሻው ቆመ። አንተ አልሰማኸውም፣ ከቆርቆሮው ወዲያ ሲቀጠቅጥ የነበረው ነው። ምስኪን፣ ደክሞት ይሆናል። እንዳይረበሽ፤ እሱን ማለቴ አይደለም፣ እኔ የማወራው ስለ አንድ በጣም ስለማከብረው ሰው ነው።

ታስታውስ እንደሆን ከሦስት ወር በፊት መብራት በየቀኑ መጥፋት የጀመረ ጊዜ፣ ያ የማከብረው ሰው ባለሱቆቹን ሰበሰበን። አሥራ አንድ ነበርን። ማንም ሳይለምነው! የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ላዩ ላይ ቆመና «ጥበብን ደብቆ መብላት ነውር ነው» አለን። ለአንድ ጀሪካን ቤንዚን ይህችን ያህል ብሎ በክዳን ለክቶ አሳየን። የጄኔሬተራችሁ ዕድሜ በእጥፍ ይጨምራል፣ ድምፁም ይለሰልሳል አለን። እኛም አጨበጨብን። እኔማ ሄጄ ጉንጩን ስሜዋለሁ። አሁን አሁን ሳስበው ከንፈሬን የለበለበኝ ይመስለኛል... ከደስታ ነው፣ ከሌላ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ምን እንደነካን እንጃ። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ የአንድ ሰውዬ የጋብቻ ወረቀት እያነሳሁ፣ ጄኔሬተሩ ሁለቴ አነጠሰና ቀጥ አለ። ባልየው ወጥቶ ሚስትየዋ ማሽኑ ውስጥ ቀረች። ሰውየው ጥቂት ጠብቆ «ይኼም ይበቃኛል» ብሎ ግማሹን ይዞ ሄደ። ትስቃለህ? ሳቅ፣ ሳቅ። የፀጉር አስተካካዩን ብትሰማ ደግሞ ከወንበርህ ትወድቃለህ። እሱ ጉሎ ሲባል የታየው የራሱ ጉሎ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ፀጉር ያፋፋል ብሎ የሚሸጠውን ቅባት አንስቶ ጀሪካኑ ውስጥ አንቆረቆረው። የትኛው ጉሎ እንደሆነ ያልጠየቀ የራሱ ጥፋት ነው፤ ያልነገረው ሰውማ ምን ያድርግ? አንዱን ደንበኛ ግራ ጎኑን ላጭቶት ቀኙን ሳይነካ ማሽኑ ሞተበት። ሰውየው ሁለት ቀን ሙሉ በጎን ሲሄድ ከረመ።

ብቻ አሥራ አንዳችንም በአንድ ወር ውስጥ ጄኔሬተራችንን ታቅፈን የት እንደተሰለፍን ታውቃለህ። እሱ ዘንድ ነዋ! ሌላ ማን አለን? እግዜር ይስጠው አንዳችንንም አልመለሰም። እየፈታ፣ እያጠበ፣ እያስከፈለ፣ ራሱን እየነቀነቀ። እኔን ምን እንዳለኝ ልንገርህ? ሰው ሁሉ ባለበት፣ ካርቡሬተሬን፣ ያንን የሞተሩን የቤንዚን ጉሮሮ፣ በሁለት ጣቱ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ፣ «እህቴ፣ አንዳንድ እጅ ለሞተር ከባድ ነው» አለኝ። አይ አዘኔታ! ጋሼ፣ አንተ እንኳ በልጅነቴ ካንዴላ ስታስጠርገኝ «እጅሽ ቀላል ነው» ነበር የምትለኝ። ሁለት ወር ሙሉ እጄን እያየሁ ከረምኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ አልቅሻለሁም።

አንተ ደግሞ ያንን ሰልፍ ከዚህ ወንበር ላይ ሆነህ እያየህ «ሰው ወዶታል፣ ሥራውም ሞልቶለታል፣ ወርክሾፑ ለእሱ ይገባዋል» አልክ። ፍርድህ ትክክል ነው። ሰልፍ ያለ ምክንያት አይሰለፍም።

ያለፈው ሳምንት ታዲያ ያንን ካርቡሬተር ዳግም ሲደፈንብኝ በሳህን ይዤልህ የመጣሁት ለምን ነበር? እጄ እውነት ከባድ እንደሆነ ከአንተ አፍ ልስማ ብዬ ነው። አንተ አሽትተኸው ብቻ ሳቅክ። «ጉሎ እና ቤንዚን የሚፋቀሩት እስኪበርድ ነው» አልከኝ። «ሌሊት ሲቀዘቅዝ ተኳርፈው ያድራሉ፤ ዘይቱ ታች ይተኛል። ጠዋት ሳትነቀንቂ ካስነሳሽው ሞተሩ ሙጫ ነው የሚጠጣው። ማታም የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግተሽ፣ ጉሮሮው ውስጥ ያለውን ጨርሶ ራሱ እስኪጠፋ ካልጠበቅሽ፣ የቀረው እንደ ቫርኒሽ ይደርቅበታል።» ነቅንቀህ ቅዳ፣ አድርቀህ እደር። እሱን ስታስተምረው ከሁሉ አስቀድመህ ያስያዝከው ይህችን እንደነበረ ነገርከኝ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየህ «አልነገራችሁም እንዴ?» አልከኝ።

እኔ ምን አልኩህ? «ነግሮናል፣ እኔ ነኝ የረሳሁት» አልኩህ። አንተም «ወይ አንቺ፣ ጭንቅላትሽ ወንፊት ነው» ብለህ ስቀህብኛል።

ወንፊት ነኝ ጋሼ! እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ግን ለመጽናናት ያህል ሄጄ አጣራሁ። ፀጉር አስተካካዩን ጠየቅኩት፣ ረስቷል። በሞተር ውሃ የምትስበዋን ባለ አትክልቷን ጠየቅኳት፣ ረስታለች። በየሱቁ ዞርኩ። አሥራ አንዳችን፣ አንዲቷን ነገር፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሰው አፍ ሰምተን፣ አንድ ላይ ረሳናት! እንዲህ ያለ ተአምር በዕድሜህ አይተህ ታውቃለህ? ክዳኑን ስንት እንደሆነ እናስታውሳለን፣ የቆመበትን ሳጥን ቀለም እናስታውሳለን፣ «ደብቆ መብላት ነውር ነው» ያለውን ቃል በቃል እናስታውሳለን። ያችን ብቻ ነው ጅብ የበላት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል እሰማ ነበር፤ ካርቡሬተርም እንደሚፈታ ገና አሁን አወቅኩ።

ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ? ዝም ያለው ሰው እውነትም አልነቀዘም፣ እንዲያውም አምሮበታል። የነቀዘው የኛ ሞተር ነው። ደቀ መዝሙር ከመምህሩ አይበልጥም የሚባለውንም ተወው፤ ያንተው በአንድ ነገር ጥሎህ ሄዷል፤ በቁጠባ። አንተ ያለህን ሁሉ ትበትናለህ፣ እሱ ቃል እንኳ አያባክንም።

አሁን ደግሞ ከመዶሻው በኋላ የጀመረው ሞረዱም ቆመ። ዛሬ ከቆርቆሮው ወዲያ ምን ዓይነት ጸጥታ ነው? የሰው ትንፋሽ ይሰማል እኮ...

ቆይ፣ እነዚህን የወለወልኳቸውን እዚያ የቆርቆሮው ግድግዳ ላይ፣ ምስማሩ ላይ ልስቀላቸው። ጀርባዬን ሰጥቼህ ስንሾካሾክ ብታየኝ አትታዘበኝ፤ ከመፍቻ ጋር ነው የማወራው፣ ለአንተ ጆሮ የሚሆን ቁም ነገር የለበትም።

ስማ፣ አንተ አሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ። አንተ እንኳ ብረት ሆነህ ታውቃለህ። ያ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ ልጅ አልወለደም። የወለደው አንድ ሰው ነው፣ እሱንም በእጁ ነው የወለደው። «ያሳደግኸው ሰው ያስተማርከውን ገምሶ ሸጠው፣ ጎረቤትህን አሰናክሎ ራሱ አነሳቸው» ብሎ አንድ ክፉ ሰው ቢነግረው መንፈቅ በሕይወት የሚቆይ ይመስልሃል? እኔ አይመስለኝም። ለዚህ ነው የረሳሁት፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስም እንደረሳሁ እቆያለሁ። ከዘጠኝ በኋላ ግን እንጃ፣ እኔ በቃሌ የማልታመን ወንፊት ነኝ፤ ጭንቅላቴ ድንገት ሊሻለው ይችላል። አሥራ አንድ ሰው ባለበት ቢሻለኝ ደግሞ ድምፄ እንደምታውቀው ነው... በል እንግዲህ፣ እዚህ ምስማር ላይ ደህና አድርገህ ተንጠልጠል። አንተ እንኳ አትወድቅም።

መጣሁ ጋሼ! ምን ልልህ ነበር... አዎ። ዛሬ ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ፣ ቁልፉን የሚረከበው ሰው ከመረከቡ በፊት አንድ ነገር ቢናገር እንዴት ደስ ባለኝ። ብዙ አይደለም። «ባለፈው የረሳችሁት ነገር አለ፣ ላስታውሳችሁ» ብሎ ያችን ያንተን ቃል ከነጅራቷ ቢላት፣ እኛ ረሺዎቹ ራሳችንን መትተን «ውይ፣ ለካ!» እንላለን፤ የእኔም እጅ በዚያው ይቀልላል። እሱም አያፍርም፣ አንተም አታዝንም። ለነገሩ ይህን እኔ ለምን እላለሁ? ለራሱ ያውቅበታል። ሳጥን ላይ መቆም እንደሆነ ልማዱ ነው።

ካልተናገረስ? ካልተናገረማ... አይ፣ ይናገራል። ያንተ ልጅ አይደል?

ይኸው፣ የመጨረሻዋን ካቻቢቴ ጨረስኩ፤ አዲስ መሰለች። ሸሚዝህን ልለውጥልህና እንወጣለን። ከዚያ በፊት ግን እጅህን ዘርጋ፣ እኔም ልዘርጋ። ዛሬ ያለ ምርቃት አይወጣም፣ ያ የማከብረው ሰው ሳይመረቅ ቁልፍ ቢይዝ ቅር ይለኛል። ጮክ ብዬ ልመርቀው፣ በየትም ቢሆን ይድረሰው።

ጌታዬ ሆይ፣ ወርክሾፑን በሥራ ሙላለት። ሰልፉ አይጉደልበት። ዕድሜውን እንደ ጋሼ ዕድሜ አርዝምለት፣ አርጅቶ ጆሮው ሲደክም ፀሐይ የሚሞቅበት ወንበር አታሳጣው። ለጋሼ እሱን የሰጠህ አምላክ፣ ለእሱም ቁርጥ እሱን የመሰለ ተማሪ ስጠው፤ በልቡም፣ በአፉም፣ በምንም የማይለየው። ያ ልጅ ከጎኑ አይጥፋ፣ እሱም እስከ ዕለተ ሞቱ ይመነው... አሜን በል፣ ጋሼ።