የግንባር ቆዳ

ቢላ በድንጋይ ላይ ሲሳል ይሰማል፤ ቦታው በጥንት ዘመን ህንድ፣ የወጌሻው የሶማዳታ ቤት ነው፤ ባሏ በቅናት አፍንጫዋን ቆርጦባት አባቷ ከግንባሯ ቆዳ አውርዶ አዲስ የሠራላት ማላቲ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች።

ማላቲ፦ ዛሬ አትቁረጠው አልኩህ እኮ፣ አባዬ።

ሶማዳታ፦ ሥጋው ይዟል። ከግንባርሽ ወርዳ አዲሱን አፍንጫ የመገበችው ይቺ የቆዳ እትብት ሥራዋን ጨርሳለች። ብተዋት የዝሆን ኩምቢ መስላ ትቀራለች።

ማላቲ፦ ዝሆን ባል የላትም። ትቅር።

ሶማዳታ፦ አታስቂኝ፣ እጄ ይስታል።

ማላቲ፦ ድናለች ብለህ ወደ ባሌ ልከሃል አይደል? የጋሪው በሬዎች ቃጭል ከደጅ ይሰማኛል።

ሶማዳታ፦ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ይጠብቅሻል። ተጸጽቷል፣ ልጄ። እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ።

ማላቲ፦ ሲወድቅ አፍንጫው አቧራ ነክቶት ይሆናል። እሱስ የሚነካ አለው።

ሶማዳታ፦ ወጉ ነው እንግዲህ። የዳነች ሴት ወደ ባሏ ትመለሳለች። ሰው ምን ይለናል?

ማላቲ፦ ታዲያ ለእሱ ነዋ የሠራኸው።

ሶማዳታ፦ ለአንቺ ነው። በቅጠል ለክቼ፣ የእናትሽን አፍንጫ እያሰብኩ ነው የሠራሁት። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል፤ እኔ ነኝ ያ ዓይን። በይ ቀና በይ… አዎ… አለቀ። አመመሽ?

ማላቲ፦ የፊተኛውን ያህል አይደለም።

ሶማዳታ፦ ጫፉን ስነካው ይሰማሻል?

ማላቲ፦ ይሰማኛል።

ሶማዳታ፦ እሰይ።

ማላቲ፦ ግንባሬ ላይ።

ሶማዳታ፦ ምን አልሽ?

ማላቲ፦ የነካኸው አፍንጫዬን፣ የተሰማኝ ግንባሬ ላይ። ልጅ ሆኜ ሳታስተኛኝ በፊት የምትስመኝ ቦታ።

ሶማዳታ፦ ቆዳው አዲሱን ቤቱን ገና አልለመደም። ይለምዳል።

ማላቲ፦ ስትድረኝም ለእናቴ እንዲሁ ነበር ያልካት።

ሶማዳታ፦ ማላቲ…

ማላቲ፦ እሱ በነካኝ ቁጥር አንተ የሳምከው ላይ ሊሰማኝ ነው። እሷን ቦታ እንኳ ብትተውልኝ።

ሶማዳታ፦ ሌላ ከየት ላምጣ? አፍንጫ የሚሆነው የግንባር ቆዳ ነው።

ማላቲ፦ የእኔ ግንባር ደግሞ ድሮም ዕድል የለው።

ሶማዳታ፦ እሺ። ይብቃ። አሰናብተዋለሁ። ሰው ያሻውን ያውራ፣ እዚሁ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ። ሰማሽኝ?… ምነው ተነሣሽ? ፊትሽን ሳትሸፍኚ? ልጄ፣ እሱ ያለው በፊት ለፊቱ በር ነው፣ እኔም ያለሁት እዚህ ነው። በጓሮው በር ወዴት ነው?