ሦስት ሙከራ የበቃቸው ሰው፦ የአቶ ኦረስት ዳኒልቹክ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ዘመድ ወዳጆች፣ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ለቀብር የመጣችሁ ሁሉ፤ በዚህ ሳጥን ውስጥ ያረፉት ሰው ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአንድ ነገር ነበር፤ የዚህች የካናዳ ከተማችን የስቶንፎርድ ልጆች የራሳቸውን ፉትቦል በራሳቸው ሕግ እንዲጫወቱ። ይህን የከለከሏቸው ሰዎች ዛሬ ጥቁር ለብሰው በፊተኛው ወንበር ተቀምጠዋል። ስለዚህ ይህ ንባብ እንደ ወጉ የለሰለሰ አይሆንም። ጸሐፊዋ ታላቅ እህታቸው ስቴፋኒያ ስትሆን፣ ከአገር ርቃ በኖረችባቸው ዘመናት ብዙ ሙገሳ በብዙ መቃብር ላይ ሰምታለች፤ የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው የሚባለው የማይሠራበት አገር ግን እስከ ዛሬ አላገኘችም።

አቶ ኦረስት ከአባታቸው ከአቶ ሚኻይሎ ዳኒልቹክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፓራስካ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም. ክረምት፣ ከስቶንፎርድ በስተደቡብ ባለው የስንዴ እርሻ ተወለዱ። እርሻው የሚያልቀው ድንበሩ ላይ ሲሆን አሜሪካን ከካናዳ የሚለየው አንድ የውኃ መውረጃ ቦይ ብቻ ነበር። ላሞቹ ቦዩን በተሻገሩ ቁጥር አባታቸው፣ «ነይ አንቺ! ፓስፖርት አለሽ?» እያሉ ይመልሷቸው ነበር። ልጁ ኦረስት በዚህ ስቀው አደጉ፤ ድንበር ማለት ሰው ሲቀልድበት የሚኖር፣ ቀልዱ ሲያልቅ ግን የሚጠፋ ነገር መሆኑን የተረዱት ዘግይተው ነው።

የመጀመሪያ ትምህርታቸውን በእርሻው አጠገብ በነበረችው ባለአንድ ክፍል ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ እዚሁ ከተማ ውስጥ ተከታተሉ፤ ፉትቦልንም የተማሩት እዚሁ ነው። ዛሬ በዚህ ጉባኤ መካከል ሕጉን የማያውቁ ወጣቶች ስላሉ፣ ይህም ለከተማው ውርደት ስለሆነ፣ መናገር ግድ ነው። ኳሱ በእጅ ተይዞ በሚሮጥበት በእኛ ፉትቦል ዐሥራ ሁለት ሆነው ይሰለፋሉ፤ ኳሱን ዐሥር ያርድ ለመግፋት ያላቸው ሙከራ ሦስት ነው። ማዶ ያሉት ዐሥራ አንድ ሲሆኑ ሙከራቸው አራት፣ ሜዳቸውም ከእኛ ያጠረና የጠበበ ነው። በእኛ ዘንድ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ያልሆነለት ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን ወደ ሰማይ መትቶ ለባላጋራው ይሰጣል፤ ስለዚህም ከሚወርደው ኳስ ሥር ብቻውን የሚቆመው ተቀባይ በእኛ ጨዋታ ትልቅ ሰው ነው። ኳሱን እስኪነካ ድረስ ባላጋራዎቹ አምስት ያርድ ርቀው እንዲቆሙለት ሕጉ ያዛል፤ እሱ በበኩሉ አንዴ ከያዘ መሮጥ አለበት። ማዶ ግን ተቀባዩ ገና ኳሱ በአየር ላይ ሳለ እጁን ወደ ላይ ካነሳ ማንም አይነካውም፣ እሱም አይሮጥም፤ ያዝኩ፣ ተዉኝ ማለት ነው። አቶ ኦረስት የስቶንፎርድ ተቀባይ ነበሩ። የሁለቱን ልዩነት ሲጠየቁ፣ «እኛ ቦታ እንሰጥሃለን፣ እነሱ ምሕረት ይሰጡሃል» ይሉ ነበር።

በዚሁ ችሎታቸው ከድንበሩ ማዶ ያለ አንድ ኮሌጅ ወጪያቸውን ችሎ ወሰዳቸው። በመጀመሪያው መጸው፣ በራሳቸው ቡድን የግብ ክልል ውስጥ ቆመው ሳለ የተመታው ኳስ መጣላቸው። በአገራችን እንዲህ ያለው ኳስ እዚያው ክልል ውስጥ ከሞተ ባላጋራው አንድ ነጥብ ያገኛል፤ ስለዚህ ማንኛውም የእኛ ልጅ መውጫ ባጣ ጊዜ ኳሱን መልሶ በእግሩ መትቶ ከክልሉ ያስወጣዋል። እሳቸውም ያንኑ አደረጉ። ኳሱ እጅግ አምሮ ሄደ። ሜዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ በሳቅ ፈነዳ፤ ዳኛውም ቢጫ ጨርቁን ጥሎ ለባላጋራው ሁለት ነጥብ ፈረደ፤ በእነሱ ሕግ ይህ ወንጀል ነውና። አሠልጣኙ ከሜዳው ጠርዝ ሆኖ፣ «አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? ኳሱን ለምን መለስክላቸው?» ብሎ ጮኸ። «ቤቴ እንዲህ ነው የሚደረገው» አሉ። «ቤትህ አይደለህማ!»

ከዚያ ወዲያ ምግብ ቤት በገቡ ቁጥር፣ «ሰሜኑ መጣ፣ ሳህናችሁን ያዙ፣ መልሶ እንዳይለጋው!» የሚል አይጠፋም ነበር። በኮሌጁ በቆዩባቸው ዓመታት ሁሉ ግን ከሚወርድ ኳስ ሥር ቆመው እጃቸውን አንድ ቀን እንኳ አላነሱም፤ ገና ሳይራመዱ ሦስትና አራት ሆነው ይወድቁባቸው ነበር። የግራ ትከሻቸው አጥንት ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ መጋጠሙን አጥባችሁ የገነዛችሁ ሰዎች አይታችኋል። ዲግሪያቸውን ይዘው በተመለሱ ጊዜ እናታቸው፣ «ምን አመጣህልን?» ቢሏቸው፣ «ራሴን፤ እሱም በጭንቅ ነው» ብለው መለሱ።

በስቶንፎርድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህርና የፉትቦል አሠልጣኝ ሆነው እስከ ጡረታ አገለገሉ፤ ከጡረታም በኋላ አሠልጣኝነቱን በነፃ ቀጠሉ። ነርስ የነበሩትን ወይዘሮ ቨርናን አገቡ። ወይዘሮ ቨርና ነፍሳቸውን ይማርና ስለ ጋብቻቸው ሲያወሩ፣ «ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ በሦስተኛው እሺ አልኩት፤ አራተኛ እንደሌለው አውቃለሁ» ይሉ ነበር። አንዲት ልጅ ኦክሳናን ወለዱ። እሷን የተዋወቃትና በኋላም ያገባት፣ አቶ ኦረስት ካሠለጠኗቸው ተቀባዮች ሁሉ ፈጣኑ ዳሬል ፎርቲን ነበር። ስንት ክረምት ሙሉ በእናታችን ቤት ፒሮጊውን፣ ያንን ድንች የተሞላ የዩክሬን ሊጥ ቅቅል፣ በቅቤና በሽንኩርት ሲበላ፣ «ኮች፣ አንድ ሳህን ይጨመርልኝ፤ ነገ እሮጠዋለሁ» ይል የነበረው ያ ልጅ፣ ዛሬ የትምህርት ቦርዱ ሊቀመንበር አቶ ዳሬል ናቸው።

አሁን ወደሚያመው ነገር እንደርሳለን። ከሦስት ዓመት በፊት ቦርዱ ቡድናችን በማዶዎቹ ሊግ ውስጥ ገብቶ በአራት ሙከራ እንዲጫወት፣ ሜዳውም በእነሱ ልክ እንዲቆረጥ፣ ከጎን የሚተርፈው መሬት የመኪና ማቆሚያ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ከማዶ የመጣ ያስገደደን የለም፤ ልብ በሉ፣ የጠየቀንም እንኳ የለም። አንድ ሕዝብ ማንም ሳይገፋው ራሱን አጥፎ ለጎረቤቱ ኪስ ሲያዘጋጅ ጸሐፊዋ በመጻሕፍትም በዐይኗም አይታለች፤ የገዛ ከተማዋ እንዲህ ማድረጓ ግን አንጀቷን አቃጥሎታል። ምክንያቱ የልጆቹ ዕድል ነው ተባለ፤ የማዶ ኮሌጆች ልጆቻችንን እንዲያዩልን። አቶ ኦረስት በስብሰባው ተነሥተው፣ «ልጆቹን ጠይቃችኋል?» አሉ። ሊቀመንበሩም፣ «ኮች፣ በእርስዎ ትዝታ ምክንያት ልጆቹን እዚህ ቀብረን አናስቀራቸውም። እርስዎ ራስዎ በእነሱ ገንዘብ አይደል እንዴ የተማሩት?» ሲሉ መለሱላቸው። አቶ ኦረስት የተጣመመውን ትከሻቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «ለዚህ ነው የማውቃቸው» አሉ።

ድምፅ በእጅ ተሰጠ። ሁሉም አነሡ፤ በእሳቸው ሜዳ ላይ ያደጉት በሙሉ፣ ዳሬልም ጭምር። ያን ጊዜ ሽማግሌው ከኋላ ወንበር ሆነው በአዳራሹ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «አያችሁ? እጅ ማንሣቱን እንኳ ቀድመው ለምደውታል! በሉ እንግዲህ፣ ማንም አይነካችሁም፤ የትም ግን አትደርሱም» አሉ። የሳቀ ሰው ነበር፤ የሳቀውም የገባው አይመስልም። በሳምንቱ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ እንዲመልሱ ሰው ተላከባቸው፤ እሳቸውም ቁልፉን ለተላከው ሰው ሰጥተው፣ ቡና አጠጥተው ሸኙት።

ባለፈው ክረምት ሳንባቸው ታመመ። በሬጃይና ከተማ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ ሊቀመንበሩ አበባ ይዘው መጥተው ቦርዱ የተቆረጠውን ሜዳ በስማቸው ሊጠራ መወሰኑን አበሠሯቸው። ልጃቸው ኦክሳናና እህታቸው በአልጋው ግራና ቀኝ ነበሩ። በሽተኛው ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «ሜዳውን አሳጥራችሁ ስሜን ልታስረዝሙት?» አሉ።

«ክብር ነው እኮ ኮች።»

«ክብር ከሆነ ለራስህ አድርገው። የእኔን ስም እዚያ ላይ እንዳትለጥፍ፤ ስማኝ ዳሬል፣ እንደ ልጅ ነው የምለምንህ።»

«እሺ፣ አይጨነቁ» ተባሉ። አቶ ኦረስት በዚህ እሺታ ተማምነው፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ ማክሰኞ ንጋት ላይ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ረቡዕ ዕለት በሜዳው መግቢያ ላይ ስማቸው የተጻፈበት ትልቅ ሰሌዳ በጨርቅ ተሸፍኖ ተሰቀለ፤ ዛሬም ከቀብር መልስ፣ ከምሳው በፊት፣ በጭብጨባ ሊገለጥ መርሐ ግብር ተይዞለታል። በሕይወት ሳሉ ቁልፋቸውን የቀማ ቦርድ ከሞቱ በኋላ ስማቸውን ሊወስድ ፈለገ፤ ለዚህ ነው ይህ ሁሉ አበባ።

አቶ ኦረስት ዳኒልቹክ አንዲት ሴት ልጅ ወይዘሮ ኦክሳናን፣ የልጅ ልጃቸውን ካሊናን፣ የልጃቸውን ባል አቶ ዳሬል ፎርቲንን፣ ይህንንም የጻፈችውን እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ወይዘሮ ኦክሳና ዛሬ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመምጣታቸው በፊት መሰላልና መፍቻ ይዘው ሄደው ሰሌዳውን አውርደውታል። ጨርቁን መልሰው ስላለበሱት አሁን ከሥሩ ያለው ባዶ እንጨት ነው። ሰሌዳው በመኪናቸው ጀርባ ተጭኖ ውጭ ቆሟል፤ ቤተሰቡም የአባቱን ቃል ስለሚያከብር አይመልሰውም። ባለቤታቸው አቶ ዳሬል ይህን የሚሰሙት እንደ እናንተ ሁሉ አሁን ነው።

ቸሩ አምላካችን የአገልጋዩን የኦረስትን ነፍስ ሕመም፣ ኀዘንና ጩኸት በሌለበት፣ ጻድቃን በሚያርፉበት ስፍራ ያኑርልን፤ መታሰቢያቸውንም ዘላለማዊ ያድርግልን። ለበደሏቸው ሰዎች ምሕረት መለመን ደግሞ የክርስቲያን ግዴታ መሆኑን ጸሐፊዋ ታውቃለች፤ ዛሬ ግን አልሆነላትምና፣ እባካችሁ አባቶች፣ ያንን እናንተ ለምኑላቸው።